የመጀመሪያ ካሜራ ልትገዙ ነው? ብሩን የት ላይ እንደምታውሉት

ሰሞኑን አንድ የሰፈራችን ልጅ ቤት ድረስ መጣ። እዚሁ ደብረ ብርሃን ሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ስልኩን አወጣና ከቴሌግራም ያስቀመጣቸውን ሦስት የካሜራ ማስታወቂያዎች አሳየኝ። «ጋሼ፣ ከነዚህ የቱ ይሻለኛል?»

አንዱ ካኖን 700ዲ ነው፤ ባለ 18 ሜጋፒክሰል፣ ከሁለት ሌንስ ጋር። ሁለተኛው ኒኮን ዲ3500 ነው፤ ባለ 24 ሜጋፒክሰል፣ ከአንድ ሌንስ ጋር። ሦስተኛው ካኖን 5ዲ ማርክ 2፣ ፉል ፍሬም የሚባለው፣ ምስል መያዣው ትልቅ የሆነ፤ ግን ቦዲው ብቻ፣ ሌንስ የለውም። ሦስቱም ዲኤስኤልአር የሚባለው ዓይነት ናቸው፤ ዋጋቸውም ተቀራራቢ ነው። ልጁ ብሩን ያጠራቀመው በየሰርጉ ለቪዲዮ አንሺ መብራት እየያዘ ነው። ልቡ ሦስተኛው ላይ እንዳረፈ ከፊቱ ያስታውቃል።

ጥምቀትና የምርቃት ሰሞን ሲቃረብ ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይመጣብኛል። የሚጠይቁኝ ልጆች የያዟት ብር በላብ የመጣች ናት። ተሳስተው ሲገዙ ደግሞ የሚመልስላቸው የለም። ስለዚህ ለሱ ያስረዳሁትን ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

ዲኤስኤልአር ማለት ምንድን ነው?

ስሙ ነው የሚያስፈራው። ዋናው ነገር መስታወት ነው። የዚህን ካሜራ ሌንስ ፈታችሁ ወደ ውስጥ ብታዩ በ45 ዲግሪ ጋደም ያለች ትንሽ መስታወት ታገኛላችሁ። ብርሃን በሌንሱ ገብቶ እሷ ላይ ያርፋል። ወደ ላይ ይነጥርና ዓይናችሁን የምታስጠጉባት ቀዳዳ ጋ ይደርሳል። ስለዚህ በቀዳዳዋ የምታዩት ስክሪን አይደለም። ከሰውየው ፊት የመጣውን ብርሃን ራሱን ነው።

ቁልፉን ስትጫኑ መስታወቷ ብድግ ትላለች። ከኋላዋ ያለው መጋረጃ ይከፈታል። ብርሃኑ ሴንሰሩ ላይ ያርፋል፤ ምስሉን የሚይዘው እሱ ነው። ከዚያ መጋረጃው ይዘጋል፣ መስታወቷም ትመለሳለች። «ቀጭ» የሚለው ድምፅ ይኸው ነው። መጋረጃው ሹተር ይባላል። ኋላ እንመለስበታለን፤ ያገለገለ ካሜራ ስትገዙ ዕድሜው የሚቆጠረው በሱ ነው።

የመስታወቱ አንድ ትልቅ ጥቅም ባትሪ አለመብላቱ ነው። በቀዳዳዋ እያዩ እስካነሱ ድረስ ስክሪን አይበራም። ኒኮን ዲ3500 በመደበኛው መለኪያ በአንድ ቻርጅ 1,550 ፎቶ ያነሳል። መብራት ሄዶ ለሚያድርበት ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጊዜው አላለፈበትም እንዴ?

አልፎበታል፤ ይህን መደበቅ አይገባም። መስታወት የሌላቸው ካሜራዎች፣ ሚረርለስ የሚባሉት፣ ገበያውን ወስደዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ኒኮንም ካኖንም ፊታቸውን ወደዚያ አዞሩ። ኒኮን አዲስ ዲኤስኤልአር ለመጨረሻ ጊዜ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው።

ለጀማሪ ግን ዕድሉ እዚህ ጋ ነው ያለው። ወደ ሚረርለስ የተሻገሩ ባለሙያዎች የድሮ ካሜራቸውንና ሌንሳቸውን እየሸጡ ነው። ብሩ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ ካሜራ ለተማሪ የሚቀመስ አልሆነም። ያገለገለ ዲኤስኤልአር ግን አሁንም ይደረስበታል። ከ10 ዓመት በፊት የሰርግ አልበም የሠራ ካሜራ ዛሬም ያንኑ አልበም ይሠራል።

ስልኬ አይበቃኝም?

ቀን፣ ደጅ፣ ፀሐይ ላይ ከሆነ ይበቃል። የምታነሱትም የምታሳዩትም በስልክ ከሆነ ብራችሁን አታውጡ። ይህን ለብዙ ሰው ነግሬያለሁ። ልዩነቱ የሚመጣው ብርሃን ሲያንስ ነው።

ክረምት ላይ ከቆርቆሮ ጣሪያ ስር ስኒና ሳፋ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ዝናቡ አንድ ነው፤ ሳፋው ግን ቶሎ ብዙ ውኃ ይይዛል። ሴንሰርም እንዲሁ ነው። የክብሪት ቀፎ ሰፊውን ፊት ለአራት ብትከፍሉት፣ አንዷ ሩብ የተለመደው ዲኤስኤልአር ሴንሰር ናት። 24 በ16 ሚሊሜትር ገደማ። የብዙ ስልክ ሴንሰር ከአንድ የአተር ፍሬ ብዙም አይበልጥም። ስልኩ የጎደለውን በስሌት ይሞላል፤ ጎበዝ ነው። ማታ ያነሳችሁትን ፊት ስታቀርቡት ግን ቆዳው እንደ ሰም ልስልስ ብሎ ታገኙታላችሁ። መስመሩ፣ ሽበቱ፣ የአንገት ንቅሳቱ ይጠፋል።

ሜጋፒክሰሉ የበዛው አይሻልም?

አንድ እንጀራ 12 ቦታ ቁረጡት፤ 24 ቦታም ቁረጡት፤ እንጀራው አይጨምርም። ሜጋፒክሰል የቁራሹ ብዛት ነው። ባለ 18 ሜጋፒክሰል ፎቶ በጥራት ታትሞ ከ40 ሴንቲሜትር በላይ ስፋት ይወጣዋል። ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል የቤተሰብ ፎቶ ይህ በቂ ነው። በ18 እና በ24 መካከል ያለውን ልዩነት ማንም ዘመዳችሁ አይለየውም።

ታዲያ ፉል ፍሬም ለምን አልገዛም?

ፉል ፍሬም የክብሪቱን ቀፎ ግማሽ የሚያህል ሴንሰር ነው፤ 36 በ24 ሚሊሜትር። ሳፋው ሰፋ ስላለ በጨለማ ይሻላል። ግን ሌንሱ ይወደዳል፣ ይከብዳልም። ለትንሹ ሴንሰር ብቻ የተሠሩት ርካሽ የካኖን ሌንሶች ፉል ፍሬም ላይ ጭራሽ አይገቡም። ሌንስ የሌለው ፉል ፍሬም ማለት ሞተሩ ጠንካራ፣ ጎማ የሌለው መኪና ነው። ልጁ ሦስተኛውን መርጦ ቢሆን ኖሮ ጥምቀትን ባዶ ቦዲ ታቅፎ ነበር የሚያሳልፈው።

ትንሹ ሴንሰር የራሱ በረከት አለው። የምስሉን መሃል ቆርጦ ስለሚወስድ ሩቁን ያቀርባል። የሌንሱን ሚሊሜትር በኒኮን በ1.5፣ በካኖን በ1.6 አባዙት። 250 ሚሊሜትር ሌንስ ካኖን ላይ እንደ 400 ሆኖ ያሳያል። መንዝ ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ ለመጠበቅ የሚሄድ ሰው ይህን ይፈልገዋል። ቀበሮ እንደ ጭላዳ አጠገቡ አያስቀምጥም። ምኒልክ መስኮት ላይ ጭላዳዎቹ ሣራቸውን እየነጩ በጥቂት ሜትር ርቀት ዝም ይሏችኋል። ቀበሮው ግን ገና ከሩቅ ሲያያችሁ መንገዱን ይቀይራል።

ብሩን የት ላይ ላውለው?

ሌንሱ ላይ።

ጀማሪ ካሜራ ሲሸጥ አብሮት የሚመጣው ሌንስ 18-55 የሚባለው ነው። ቁጥሩ ሚሊሜትር ነው። በ18 ሰፊ ቦታ ታያላችሁ፣ በ55 ጠጋ ትላላችሁ። ክፉ ሌንስ አይደለም። ደጅ ላይ ሁሉን ይሠራል። ችግሩ ያለው ሌላው ቁጥር ላይ ነው፤ ሌንሱ ፊት ላይ 3.5-5.6 ተብሎ የተጻፈው።

ይህ ቁጥር ሌንሱ ውስጥ ያለችው የብርሃን መግቢያ ምን ያህል እንደምትከፈት ይናገራል። አፐርቸር ይባላል። ግራ የሚያጋባው፣ ቁጥሩ ሲያንስ መግቢያው ይሰፋል። 1.8 የተከፈተ በር ነው። 5.6 ገርበብ ያለ በር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ወደ 10 እጥፍ ይጠጋል።

10 እጥፍ ምን ማለት እንደሆነ እኔ የገባኝ መንዝ፣ አክስቴ ቤት ነው። ማለዳ ነው። ከውጭ አመዳዩ ገና አልቀለጠም። አክስቴ በርኖሷን ደርባ ከምድጃው አጠገብ ቡና ትቀዳለች። ብርሃን ያለው ከእሳቱና ከበሩ ስንጥቅ ብቻ ነው። በ18-55 ሌንስ፣ በ55 ላይ አነሳኋት። ካሜራው ሹተሩን ለአንድ ሰከንድ 6ኛ ያህል ከፍቶ መቆየት ነበረበት። ለሰው ዓይን ይህ ቅጽበት ነው። ለካሜራ ግን ረጅም ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ እጇ ተንቀሳቀሰ፣ ጀበናው ጋደለ፣ የኔም እጅ ተንቀጠቀጠ። ፎቶውን ሳሳያት «አይ ልጄ፣ ጭስ አደረግኸኝ እኮ!» አለችኝ። እውነቷን ነው። ፊት የለም፤ የተንሳፈፈ ነገር ብቻ ነው።

በሌላ ጊዜ በ50 ሚሊሜትር፣ 1.8 ሌንስ ሄድኩ። ካሜራው ያው ነው። ቦታውም እሳቱም ያው ነው። ሹተሩ አሁን በሰከንድ 60ኛ ዘጋ። የዓይኗ ብሌን ላይ እሳቱ ይታያል። ከበርኖሱ ጫፍ የወጣችው ክር ሳይቀር ትቆጠራለች። ከኋላዋ ያለው ጥላሸት የለበሰ ግድግዳ ደግሞ ደብዘዝ ብሎ ወደ ኋላ ቀርቷል። ያቺ ፎቶ አሁን ቤቷ ተሰቅላለች።

ሰው «ባክግራውንዱን ብለር የሚያደርግ ካሜራ» ሲል ይህን ማለቱ ነው። ሥራው ግን በዋናነት የሌንሱ ነው። መግቢያው ሲሰፋ ትኩረት ያረፈበት ብቻ ይጠራል፣ ከኋላና ከፊት ያለው ይለሰልሳል።

«አይኤስኦ መጨመር አይቻልም?» የሚል ይኖራል። ይቻላል። አይኤስኦ ማለት ሴንሰሩ የያዘውን ብርሃን ማጉላት ነው። ግን ራቅ ያለ ጣቢያ የያዘ ሬዲዮ አስቡ። ድምፁን ስትጨምሩ ሽሽታውም አብሮ ይጨምራል። ፎቶ ላይ ያ ሽሽታ አሸዋ የተበተነ ይመስላል።

50 ሚሊሜትር 1.8 ሌንስ ከሁሉም ብራንድ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው። የካኖኑ አዲሱ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ሲሆን እንደ ልብ ይገኛል። አንድ ነገር ግን ዕወቁ። ዙም የለውም። በትንሹ ሴንሰር ላይ ደግሞ እንደ 75 ወይም 80 ሚሊሜትር ሆኖ ስለሚያጠብ ጠባብ ክፍል ውስጥ ጀርባችሁ ግድግዳ እስኪነካ ማፈግፈግ ይመጣል። ብዙ ጊዜ ቤት ውስጥ የምታነሱ ከሆነና የገዛችሁት ኒኮን ከሆነ 35 ሚሊሜትር 1.8 ይሻላችኋል።

ካኖን ወይስ ኒኮን?

ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ወንድማችሁ ወይም ጓደኛችሁ ያለውን ግዙ፤ ሌንስ ትዋዋሳላችሁ። የአንዱ ሌንስ ከሌላው ጋር አይገጥምምና።

ኒኮን ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ እኔ ወድቄበታለሁ። ዲ3000ዎቹና ዲ5000ዎቹ፣ ማለትም እንደ ዲ3500 እና ዲ5600 ያሉት፣ ሌንስ የሚያሽከረክር ሞተር ቦዲያቸው ውስጥ የለም። ሞተሩ ሌንሱ ውስጥ መኖር አለበት። እንዲህ ዓይነቱ ሌንስ ላይ «ኤኤፍ-ኤስ» ወይም «ኤኤፍ-ፒ» የሚል ይጻፋል። እኔ አዲስ አበባ ከአንድ ሱቅ ርካሽ የድሮ 50 ሚሊሜትር ገዛሁ። «ለኒኮን ይሆናል» ተባልኩ። ገጠመም። ፎቶም አነሳ። ብቻ ትኩረቱን በራሱ አይዝም፤ በእጅ እያዞሩ ነው። ዕቃው አንዴ ከወጣ አይመለስም አሉኝ። የድሮ ዲጂታል ካኖን ላይ ይህ ችግር የለም። «ኢኤፍ» የሚባሉት ሌንሶች ሞተራቸው ከራሳቸው ጋር ነው።

ቪዲዮም መሥራት እፈልጋለሁ፤ ምን ልይ?

የማይክ መሰኪያ መኖሩን እዩ። የሽማግሌ ምርቃት ያለ ድምፅ ቪዲዮ አይሆንም። ኒኮን ዲ3500 እና ካኖን 2000ዲ መሰኪያ የላቸውም። ካኖን 700ዲ እና 250ዲ አላቸው። ብዙዎቹ ዲኤስኤልአሮች ቪዲዮ 30 ደቂቃ ሳይሞላ በራሳቸው ያቆማሉ። ቃል ኪዳን መሃል ላይ እንዳይቋረጥባችሁ አስቀድማችሁ አቁማችሁ እንደገና አስጀምሩ።

ያገለገለ ስገዛ ምኑን ልፈትሽ?

በመጀመሪያ፣ ሳታነሱበት አትግዙ። የራሳችሁን ሚሞሪ ካርድ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ ችኮላ ካበዛ ተመለሱ፤ ካሜራ ሞልቷል።

የሹተሩን ቁጥር ጠይቁ። ጀማሪ ካሜራ በግምት 100,000 ጊዜ እንዲከፈትና እንዲዘጋ ታስቦ ይሠራል። የመኪና ኪሎሜትር እንደማለት ነው። ካለፈ በኋላ ወዲያው ይሞታል ማለት አይደለም፣ ግን ዋጋው መውረድ አለበት። ኒኮን ላይ ቁጥሩ እያንዳንዱ ፎቶ ፋይል ውስጥ ተጽፎ ይገኛል፤ አንድ አንስታችሁ ኮምፒውተር ላይ ብታዩት ይወጣል። ካኖን አብዛኛውን ጊዜ ፎቶው ላይ አይጽፈውም፤ በኬብል አገናኝቶ በልዩ ፕሮግራም ማየት ያስፈልጋል። ስለዚህ ካኖን ሻጭ ቁጥር ሲጠራላችሁ ማስረጃውን ጠይቁ።

ሌንሱን ከካሜራው ፍቱና በስልክ ባትሪ መብራት ከኋላ በኩል አብሩበት። ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው። እርጥበት ቦታ የተቀመጠ ሌንስ ይይዘዋል፣ ሲቆይም ይስፋፋል። አትግዙ። ፊቱ ላይ ያለች ትንሽ ጭረት ግን ብዙም ፎቶ አታበላሽም፤ ዋጋ ለማስቀነስ ተጠቀሙባት።

ቀጥሎ አፐርቸሩን ወደ 22 አጥብቡና ደመና የሌለበት ሰማይ ወይም ነጭ ወረቀት አንሱ። ጥቁር ነጠብጣቦች ካሉ ሴንሰሩ ላይ አቧራ አለ። አቧራ ይጠረጋል። ጭረት ግን አይጠረግም። ባትሪው አብጦ ከሆነ፣ ቻርጀሩ የማይታወቅ ዓይነት ከሆነ፣ የሌላ ባትሪ ዋጋ አስቡበት።

የኛ አገር ብርድ ካሜራ አይጎዳም?

ቦዲውን አይጎዳውም። ባትሪውን ግን ያደክመዋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ጓሳ ከ3,200 ሜትር ይጀምራል። ኅዳርና ታኅሣሥ ማለዳ ላይ ሙሉ የነበረ ባትሪ ድንገት ባዶ ነኝ ይላል። አትጣሉት። አውጥታችሁ የውስጥ ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱት። ሲሞቅ ከጉልበቱ ይመለሳል። ትርፍ ባትሪ የምትይዙትም እዚያው፣ ከሸሚዝ ስር ነው።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ላቡ ነው። ጣርማበር ላይ በጉም ሲያነሱ ቆይተው ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢት የወረዱ ሰዎች ያውቁታል። የቀዘቀዘው ካሜራ ሞቃቱን አየር ሲያገኝ ሌንሱ ውስጥም ውጭም ያልበዋል። ከብርድ ሳትወጡ ካሜራውን ፌስታል ውስጥ ከታችሁ አጥብቃችሁ እሰሩት። ታች ስትደርሱ እስኪሞቅ አትክፈቱት። ላቡ በፌስታሉ ላይ ይቀራል። ጭስ ቤት ያለ ቦርሳ አታሳድሩት።

ከገዛሁ በኋላ መጀመሪያ ምን ልማር?

ነጠላ ማንሳት። ቀልድ አይደለም፤ የኛ ሰው በዓል ነጭ ነው።

ካሜራው ብርሃን ሲለካ ዓለም ሁሉ በአማካይ ግራጫ ናት ብሎ ነው የሚያስበው። ምስሉን ነጠላ ሲሞላው «ብርሃን በዛ» ብሎ ያጨልመዋል። ነጠላው አመድ ይመስላል። ከነጠላው ውስጥ ያለው ጠይም ፊት ደግሞ ጭራሽ ይጠቁራል። ብዙ ልጅ ካሜራው ተበላሸ ብሎ ይመጣል። ተበላሽቶ አይደለም። ቦዲው ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባት ቁልፍ አለች። እሷን ተጭናችሁ በጣት የምትዞረውን የካሜራውን ጎማ ወደ መደመር፣ ወደ 1 አዙሩት። ፊቱ ይመለሳል። ጥቁር ካባ የለበሰ ሰው ሲሆን ግልባጩ ነው፤ ወደ መቀነስ።

ሰዓቱም ለውጥ አለው። ጥር 11 እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ከአናት ስለሆነች የዓይን ጉድጓድ ይጠቁራል። የከተራ ዕለት፣ ታቦታቱ ወደ ባሕረ ጥምቀት ሲወርዱ፣ ብርሃኑ ከጎን ነው የሚመጣው። ወርቃማ ነው፤ የጃንጥላው ጥለት ያበራበታል። ሰው ስታነሱ ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ቅዳሴ ላይ ደግሞ ያለ ፈቃድ አታንሱ።

ልጁስ የቱን ገዛ?

ለሱ ያልኩት ይህን ነው። በሴንሰር ብቻ ቢሆን የዲ3500 ከ700ዲ ይሻላል፤ በጨለማ ቢበልጠው ግን እጥፍ ያህል ነው። 700ዲውን የሚሸጠው ሰው ከ18-55 ጋር 50 ሚሊሜትር 1.8 ይሰጣል፤ ያ ልዩነት ደግሞ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ነው። ማይክም ይሰካል፣ ልጁ ደግሞ ሰርግ ሠራተኛ ነው። ፉል ፍሬሙን ተወው ስለው ትንሽ ቅር አለው። አብረን ሄደን ሌንሱን በስልክ መብራት አየነው፤ ንጹሕ ነው። የሹተሩ ቁጥር ከ30,000 ትንሽ ያልፋል። ሰማይ አንስተን ሁለት የአቧራ ነጠብጣብ አገኘን፣ በነሱ ሰበብ ዋጋ አስቀነሰ። ከቤት እንደወጣን ያነሳት የመጀመሪያዋ ፎቶ በሩ ላይ ጎመን የምትሸጥ እናት ናት። አስፈቅዷት ነው። በ1.8።